ከእናት ወገን ሲቆጠር
ስለ ትውልድ ሐረግ አጻጻፍ ጥቂት ሂስ

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው ወረታ ሲደርስ መንገዱ ለሁለት ይከፈልበታል። አንደኛው የፎገራን ሜዳ ሰንጥቆ፣ ርብን ተሻግሮ፣ በአዲስ ዘመንና በእንፍራዝ በኩል ጎንደር ይገባል። ሁለተኛው ወደ ምሥራቅ ታጥፎ ደጋውን ይወጣና በደብረ ታቦር አድርጎ ወልድያ ድረስ ይዘልቃል። መንገደኛው ወረታ ላይ ሻይ ይጠጣል፣ የሩዙን ዋጋ ይጠይቃል፣ የፎገራን ላም አይቶ ያደንቃል። ነገር ግን በቀኝ በኩል 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከደብረ ታቦር አጠገብ ያለችው ጋፋት፣ ቅርንጫፉ ለንደን ድረስ የዘለቀ የአንድ ቤተሰብ ታሪክ ያለባት ስፍራ መሆኗን የሚነግረው ሰው አያገኝም።

ለምን አያገኝም? ጋፋት ስም አጥታ አይደለም። ሴባስቶፖልን የማያውቅ ተማሪ የለም፤ ወደ 7 ቶን የሚመዝነው መድፍ በ1867 በጋፋት መሠራቱንም ያውቃል። ልብ ያላለው፣ መድፉን የሠሩት ሰዎች ሚስት ያገቡ፣ ልጅ የወለዱ፣ አማት የነበሯቸው መሆኑን ነው። ታሪካችን መድፉን ቆጠረ፤ ልጆቹን ዘለለ። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄም ከዚሁ ይነሣል፤ ሰው ትውልዱን ሲጽፍ ማንን ይቆጥራል? ማንንስ ይዘላል? (ዓ.ም. ያልተጨመረበት ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ከወዲሁ ይያዝልኝ።)

ነገሩን ከሰዎቹ እንጀምር። ኤድዋርድ ዛንደር አንሃልት ከተባለው የጀርመን ግዛት የመጣ ሠዓሊ ነበር። በ1840ዎቹ መጨረሻ ኢትዮጵያ ገብቶ በመጀመሪያ የስሜኑን ገዥ ደጃዝማች ውቤን፣ ኋላም ዓፄ ቴዎድሮስን አገለገለ። የጎንደር ቤተ መንግሥት ወይዘሮ ከነበረችው ከእሴተ ወርቅ ወለተ ኢየሱስን ወለደ። ወለተ ኢየሱስን፣ በሌላ ስሟ ካታሪናን፣ ሞሪትዝ ሆል አገባት። ሆል በ1838 በክራኮቭ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወልዶ ወደ ክርስትና የገባ፣ በጋፋት ለንጉሡ መድፍ ያቀልጥ የነበረ ባለሙያ ነው። መቅደላ በወደቀችበት በ1868 ሴት ልጅ ወለዱና ማግዳሌና አሏት፤ ለፈረንጅ ጆሮ የመጽሐፍ ቅዱስ ስም፣ ለእኛ ጆሮ ደግሞ የአምባው ስም።

ቤተሰቡ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ከአገር ወጥቶ በኋላ በፍልስጥኤም ምድር ያፋ ላይ ሰፈረ። ማግዳሌና በዚያ ፕላቶን ፎን ኡስቲኖቭ የተባለ ከሩሲያ የወጣ ባላባት አገባች። ልጃቸው ዮና፣ በቅጽል ስሙ ክሎፕ፣ በ1892 ተወለደ። የክሎፕ ልጅ ፒተር ኡስቲኖቭ ደግሞ በ1921 ለንደን ውስጥ ተወለደ። «ስፓርታከስ» እና «ቶፕካፒ» በተባሉት ፊልሞች ሁለት ጊዜ የኦስካር ሽልማት ያገኘው፣ በ2004 ያረፈው ዝነኛ ተዋናይና ደራሲ ይህ ሰው ነው።

እንግዲህ ከፒተር ሽቅብ እንቁጠር። ክሎፕ አባቱ፣ ማግዳሌና አያቱ፣ ወለተ ኢየሱስ ቅድመ አያቱ፣ እሴተ ወርቅ ምንዝላቱ። አራት ስም ብቻ ቆጥረን ጎንደር ገባን። ከአራቱም ሦስቱ ሴቶች ናቸው።

ስለዚህ ቤተሰብ ሁለት መጻሕፍት ከቤተሰቡ እጅ ወጥተዋል። የክሎፕ ሚስት፣ ሠዓሊዋ ናድያ ቤንዋ፣ በ1973 «ክሎፕና የኡስቲኖቭ ቤተሰብ» የሚል መጽሐፍ አሳተመች። ልጇ ፒተር በ1977 «ዲር ሚ» ብሎ የሰየመውን ግለ ታሪኩን አወጣ። ፒተር ኡስቲኖቭ የትውልዱን ቅይጥነት ሳይሸሽግ የኖረ ሰው ነው፤ ሩሲያው፣ ጀርመኑ፣ ፈረንሳዩ፣ ኢትዮጵያዊው ሁሉ በደሙ ውስጥ መኖሩን እየተናገረ የጨዋታው ስንቅ አድርጎታል። ይህ የሚያስመሰግነው ነው። በእርሱ ዘመን በአውሮፓ ከአፍሪካ የመጣች ቅድመ አያትን መሸፈን እንጂ መጥራት የተለመደ አልነበረም።

ምስጋናው እንዳለ ሆኖ አንድ ነገር ሳይጠየቅ አይታለፍም። የናድያ መጽሐፍ አርእስቱ ላይ ያለውን ቃል እንመልከት፤ «የኡስቲኖቭ ቤተሰብ»። ስሙ የሩሲያዊው ባላባት ስም ነው። ይህ የጸሐፊዋ ጥፋት አይደለም፤ አውሮፓ ቤተሰብን የሚጠራው በአባት ስም ስለሆነ ነው። ሆኖም ስሙ በር ላይ የቆመ ዘበኛን ይመስላል፤ አባትን ያስገባል፣ እናትን ይመልሳል። ማግዳሌና ሆል ስታገባ ኡስቲኖቭ ሆነች። ወለተ ኢየሱስ ካታሪና ሆል ተባለች። እሴተ ወርቅማ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር ፈጽሞ አልነበራትም። በስም ብቻ ወደ ኋላ የሚሄድ ሰው ከለንደን ተነሥቶ ሩሲያ ይደርሳል እንጂ ጎንደርን አያያትም።

የጋፋቱ ሌላ ሰው ቴዎፍሎስ ዋልድማየርም የራሱን ታሪክ ጽፎ በ1886 አሳትሟል። ዋልድማየር ከባዝል አጠገብ ካለው የቅዱስ ክሪስኾና የሚስዮን ቤት የወጣ ሰው ነው፤ ያገባውም የሊቀ መኳስ ዮሐንስን ልጅ ሱዛንን ነው። ሊቀ መኳስ ዮሐንስ ማለት በ1860 ለዓፄ ቴዎድሮስ ሲዋጋ የወደቀው እንግሊዛዊው ጆን ቤል ነው፤ ኢትዮጵያዊት አግብቶ የወለዳት ልጅ ለዋልድማየር ሚስት ሆነች። መጽሐፉ በአርእስቱ ላይ ዐሥር ዓመት በአቢሲኒያ፣ ዐሥራ ስድስት ዓመት በሶርያ እያለ የሚስዮናዊውን የአገልግሎት ዘመን በአገር በአገር ይቆጥራል። ይህ የሚስዮናውያን የአጻጻፍ ልማድ ነው። አገር የሥራ መስክ ነው፣ ሚስት የሥራ ረዳት ናት፣ የሚስት ዘመዶች ግን ከመጽሐፉ ጓሮ ይቀራሉ። እንዲህ ያሉትን መጻሕፍት የሚያነብ ኢትዮጵያዊ ብዙ ስለ መድፍ፣ ብዙ ስለ ንጉሥ ቁጣ ያገኛል። በአማቶቹ ቤት ምን ይበላ፣ ምን ይወራ እንደነበር ለማወቅ ግን በመስመሮቹ መካከል መቆፈር አለበት።

በዚህ ቤተሰብ ታሪክ ውስጥ የትውልድ ቆጠራ ጨዋታ መሆኑ ያበቃበት አንድ ጊዜ አለ። ክሎፕ በ1930ዎቹ በለንደን የጀርመን ኤምባሲ የፕሬስ ሹም ነበር። የናዚ መንግሥት ሥልጣን ከያዘ በኋላ፣ በ1935፣ የአይሁድ ዘር የሌለበት መሆኑን በማስረጃ እንዲያረጋግጥ ተጠየቀ። የእናቱ አባት ሞሪትዝ ሆል የተወለደው ከአይሁድ ነው። ክሎፕ ማስረጃውን አላቀርብም አለና ሥራውን ለቀቀ፤ በኋላም ለእንግሊዝ የስለላ መሥሪያ ቤት ሠራ። ጀርመን በዚያን ጊዜ በየቤተ ክርስቲያኑ መዝገብ አያትና ቅድመ አያቱን ሲያስፈልግ የሚውል ሕዝብ ሆና ነበር። የትውልድ ሐረግ ወረቀት የእንጀራ፣ ኋላም የሞትና የሕይወት ወረቀት ሆነ። ስለ ትውልድ ሐረግ የሚጽፍ ማንኛውም ሰው ይህን ታሪክ ከጠረጴዛው ላይ ባያነሣው መልካም ነው፤ የእኛም አገር ጸሐፊ ቢሆን።

ትውልድን በመፈለግ በዓለም ላይ ስማቸው ከሚነሣ ሕዝቦች አንዱ የአየርላንድ ሕዝብ ነው። ምክንያቱ ረሀብ ነው። በ1845 የድንች በሽታ ገባ፤ እስከ 1852 ድረስ ሚሊዮን ያህል ሰው አለቀ፣ ሌላ ሚሊዮን ያህል ተሰደደ። በ1841 ከ8 ሚሊዮን በላይ የነበረው ሕዝብ በ1851 ወደ 6 ሚሊዮን ተኩል ወረደ። በአሜሪካ፣ በአውስትራሊያና በእንግሊዝ የተበተኑት የልጅ ልጆች ዛሬም አያታቸው የወጣበትን መንደር ይፈልጋሉ።

ፍለጋው ግን በአመድ ውስጥ ነው። በ1922፣ በእርስ በርስ ጦርነቱ መጀመሪያ፣ ደብሊን ውስጥ የነበረው የመንግሥት መዝገብ ቤት ጋየ። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አጋማሽ የተደረጉት የሕዝብ ቆጠራ መዛግብት አብዛኞቹ ከዚያ ጋር ጠፉ። ከዚያ በኋላ የነበሩትንም መንግሥት ራሱ አስቀድሞ አስወግዷቸው ነበር። ሙሉ ሆነው የተረፉት የ1901 እና የ1911 ቆጠራዎች ናቸው። ስለዚህ የአየርላንድ ትውልድ ፈላጊ በሌላ ወረቀት ይጠቀማል፤ ከ1847 እስከ 1864 ድረስ ለግብር ሲባል እያንዳንዱን መሬትና ባለይዞታውን የመዘገበውን «የግሪፊዝ ግምት» የሚባለውን መዝገብ ይገልጣል። ሰው ሲጠፋ የመሬት ግብር ወረቀት የዘር መጽሐፍ ሆነ።

ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ ነውን? በጎንደርና በደብረ ታቦር ዙሪያ ያሉ አድባራት የርስትና የጉልት ነገር የሚጽፉት በወንጌላቸው ባዶ ገጽና ጠርዝ ላይ ነበር። እነዶናልድ ክራሚ በቤጌምድርና በጎንደር የነበሩ ታላላቅ ቤተሰቦችን ታሪክ ያጠኑት ከእንዲህ ዓይነቱ ጽሑፍ ነው። የእኛም መዝገብ ተቃጥሏል። ዓፄ ቴዎድሮስ በ1866 ጎንደርን አስዘርፈው አቃጠሉ፤ በ1867 ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተነሡ፤ በ1888 ደግሞ ደርቡሾች ጎንደርን አነደዱ። መቅደላ ከተሰበሰቡት መጻሕፍት ብዙዎቹን እንግሊዝ ወሰዳቸው። የደብሊን መዝገብ ቤት በቃጠሎው ይታወሳል፤ የእኛ በየዘመኑ ጥቂት በጥቂት ስለጠፋ ቀኑን የሚያስበው የለም።

አየርላንድና መቅደላ ደግሞ ከዚህ ይበልጥ ይቀራረባሉ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር አምባውን ሲያጠቃ ዋናው ሰልፍ በሩ ላይ ተገታ። ከ33ኛው ክፍለ ጦር ጥቂት ወታደሮች ተነጥለው ገደሉን ወጡና ግንቡንና የእሾህ አጥሩን ጥሰው ገቡ። ከሁሉ ቀድመው መቅደላ ውስጥ የገቡት ሁለቱ፣ ከበሮ መቺው ማይክል ማግነርና ተራ ወታደር ጄምስ በርጊን ነበሩ። ሁለቱም የቪክቶሪያ ክሮስ ሜዳይ ተሸለሙ። ሁለቱም የአየርላንድ ልጆች ናቸው፤ ማግነር በፈርማና በ1840፣ በርጊን በዛሬው ሊሽ አውራጃ በሰኔ 1845። በርጊን የተወለደው የድንቹ በሽታ ከመግባቱ ከሁለትና ከሦስት ወር በፊት መሆኑ ነው። የረሀብ ዘመን ልጆች የእንግሊዝን ንግሥት እንጀራ እየበሉ የሌላ ሰው አምባ ወጡ።

እንግዲህ አስቡት። የማግነርን ወይም የበርጊንን ዘር የሚፈልግ አየርላንዳዊ መቅደላ ይደርሳል። የኡስቲኖቭን ዘር የሚፈልግም መቅደላ ይደርሳል። አንደኛው ያገኘው ግንብ የዘለለ ወታደር ነው፤ ሌላኛው ያገኘው በዚያው ሰሞን የተወለደች ሕፃን ናት። የመጀመሪያው በሎንዶን ጋዜጣ ታትሞ፣ ሜዳይ ተሰጥቶት፣ በክፍለ ጦሩ መዝገብ ሰፍሯል። ሁለተኛዋን ያስታወሳት ቤተሰቧ ነው። መዝገብ ለጀግንነት ቅርብ፣ ለምጥ ሩቅ ነው።

የአየርላንድ ምሳሌ አንድ ሌላ ነገር ያስተምረናል። መሐመድ ዓሊ በ2009 ኤኒስ የምትባለውን የአየርላንድ ከተማ ጎበኘ፤ ቅድመ አያቱ ኤብ ግሬዲ ከዚያ ወደ አሜሪካ የተሰደደ ሰው ነበር። ባራክ ኦባማ በ2011 መኒጎል የምትባል መንደር ሄደ፤ ከዚያች መንደር በ1850 የወጣው ፋልማውዝ ከርኒ የሩቅ አያቱ ነው። ዓሊም ኦባማም አየርላንድ የደረሱት በእናታቸው በኩል ነው። በስማቸው ተከትሎ የፈለጋቸው ሰው ከቶ አየርላንድን አያገኝም ነበር። ነገሩ የስሜት ብቻ አለመሆኑንም ልብ ይሏል። በአየርላንድ ሕግ አንድ አያቱ በዚያች ደሴት ላይ የተወለደ ሰው በውጭ አገር ልደት መዝገብ ተመዝግቦ ዜጋ ሊሆን ይችላል። ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ለመውጣት በ2016 ድምፅ ከሰጠች ወዲህ አየርላንዳዊት አያት ያለው እንግሊዛዊ ሁሉ ወረቀቷን መፈለግ ያዘ። ሕጉ ደግሞ አያቲቱ በአባት በኩል ትሁን በእናት በኩል አይጠይቅም።

ይህን ሕግ ለፎገራ ሽማግሌ ቢነግሩት አይደነቅም፤ የራሱ ርስት ነውና። አሜሪካዊው አለን ሆበን በጎጃም ደጋ ዳሞት ተቀምጦ አጥንቶ በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ በአማራው አገር የርስት ሥርዓት ሰው መሬት የሚጠይቀው ከአቅኚው አባት የሚወለድ መሆኑን ቆጥሮ ነው። ቆጠራውም በወንድ ብቻ አይደለም። በእናቱ፣ በእናቱ አባት፣ በአባቱ እናት፣ በፈለገው በኩል መውጣት ይችላል። አንድ ሰው በብዙ ወገን ብዙ አቅኚ አባት ሊኖረው ይችላል፤ የሚቆጥረው ግን መሬት ያስገኝልኛል ያለውን፣ በዳኛ ፊትም ሊያስረዳ የሚችለውን ነው። በቤጌምድርም ሥርዓቱ ይኸው ነበር። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የተባለው ባለቤቱ ቆጥሮ እስከ መጣ ድረስ ነው።

ይህን ስናስተውል የአባት አገር ብለን የምንጠራው የገበሬው ቆጠራ ከአውሮፓው የቤተሰብ ስም ይልቅ ለእናት ፍትሐዊ ሆኖ እናገኘዋለን። ፒተር ኡስቲኖቭ በለንደን ሕግ የሩሲያ ባላባት የልጅ ልጅ ነው። በጎንደር ቆጠራ ግን የእሴተ ወርቅ ልጅ ነው፤ የእሴተ ወርቅን ወላጆች የሚያውቅ ሽማግሌ ቢገኝና እርሱም ከ1967 ዓ.ም. በፊት መጥቶ ቢሟገት ኖሮ፣ ዳኛው «እናትህ ሴት ናትና ሂድ» አይለውም ነበር። «በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች» እያልን እንስቃለን። በርስት ዳኛ ፊት ግን የበቅሎዋ መልስ ሕጋዊ መልስ ነው።

ያው ሥርዓት ለምን ባዕድ አባትን እንደሚረሳም ይነግረናል። ዛንደር አቅኚ አባት አይደለም፤ ሆልም አይደለም። በስማቸው የሚጠየቅ መሬት የለም። ስለዚህ ለቆጣሪው አይጠቅሙም፤ የማይጠቅም አባት ደግሞ በሁለትና በሦስት ትውልድ ውስጥ ከአፍ ይወርዳል። ብዙ ጊዜ ባዕድን የምንረሳው በጥላቻ ይመስለናል። የመርሳቱ ምክንያት ግን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ የመሬት ሒሳብ ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ይህን ሒሳብ አፈረሰው። ከዚያ ወዲህ ማንም አባት ቆጥሮ መሬት አይወስድም። ቆጠራው ግን አልቀረም፤ ወደ ከተማ ገብቶ መጽሐፍ ሆነ። በአዲስ አበባ መጻሕፍት ቤቶች የእገሌ ቤተሰብ የትውልድ ሐረግ የሚሉ፣ በቤተሰብ መዋጮ የታተሙ መጻሕፍት እየበረከቱ መጥተዋል። መጻፋቸው መልካም ነው፤ ሽማግሌ ሳይሞት መጠየቅ ትልቅ ሥራ ነው። ያም ሆኖ አብዛኞቹ የሚጋሩት ጉድለት አለና እሱን ዝም ብሎ ማለፍ ለጸሐፊዎቹም ውለታ አይሆንም።

የመጀመሪያው ጉድለት የሒሳብ ነው። ሰባት አባት ቆጥረው ዓፄ ፋሲል ላይ የሚደርሱ ገጾች ብዙ ናቸው። ለአንድ ትውልድ 30 ዓመት ብንሰጥ ሰባት ትውልድ 210 ዓመት ነው። ፋሲል የነገሡት ከ1632 እስከ 1667 ነው። 210 ዓመት ወደ ኋላ የሄደ ሰው የሚደርሰው ደብረ ታቦርን በቆረቆሩት በራስ ጉግሣ ዘመን አካባቢ ነው። በመካከል ያሉት አምስትና ስድስት ሰዎች የት ሄዱ? ጸሐፊው አያውቃቸውም ማለት ነውር አይደለም፤ ክፍቱን ሰፍቶ ማለፍ ነው ነውሩ።

ሁለተኛው፣ በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ሁሉም ሰው ደጃዝማች ነው። ፋቂ የለም፣ ሸማኔ የለም፣ ሸክላ ሠሪ የለም፣ ባሪያ የለም፣ ፎገራ ሜዳ ላይ ከብት የጠበቀ እረኛም የለም። እነዚህ ሁሉ ግን ልጅ ወልደዋል፤ ልጆቻቸውም እኛ ነን። አውሮፓዊው ኢትዮጵያዊት አያቱን ልዕልት እንደሚያደርጋት ሁሉ እኛም ገበሬ አያታችንን ፊታውራሪ እናደርገዋለን። የሁለቱ ሐሰት ወላጅ አንድ ነው፤ ተራ ሰው ለመሆን መፍራት።

ሦስተኛው እናቶች ናቸው። የርስት ቆጣሪው መሬት ፍለጋ በእናቱ በኩል ይወጣ የነበረውን፣ የከተማው ጸሐፊ ትቶ እንደ አውሮፓው በወንድ ብቻ ይወርዳል። እገሌ እገሌን ወለደ ይላል፤ ከማን እንደወለደ አይናገርም። ይህ የአባቶቻችን ልማድ አይደለም፤ ከዘመናዊው የመታወቂያ ወረቀት የተማርነው ይመስለኛል። የአባት ስም፣ የአያት ስም የሚል መስመር አለው፤ የእናት እናት የሚል መስመር የለውም።

አራተኛው ጉድለት ግን ከሁሉ ይከፋል። ብዙዎቹ መጻሕፍት የሚጻፉት ዘራችን ያልተቀላቀለ ነው ለማለት ነው። የፎገራን አካባቢ ብቻ እንውሰድ። በ1541 ምፅዋ የወረዱት 400 ያህል የፖርቱጋል ነፍጠኞች አለቃቸው ክርስቶፎር ዳ ጋማ ከሞተ በኋላ የተረፉት ከጣና ምሥራቅ በወይና ደጋ በ1543 ተዋግተዋል፤ በኋላም በአገሩ ቀርተው አግብተዋል። ኢየሱሳውያን ሲመጡ የእነርሱን ልጆች ነው ያገኙት። ከዚያ ወዲህ 16 ያህል ትውልድ አልፏል። ሰው ሁለት ወላጅ፣ አራት አያት፣ ስምንት ቅድመ አያት እያለ ሲወጣ 16ኛው ላይ 65,536 ቦታ ይኖረዋል፤ ብዙዎቹ ቦታዎች በተደጋጋሚ በአንድ ሰው የሚያዙ ቢሆኑም። ከእነዚህ ሁሉ መካከል አንድም ነፍጠኛ የለበትም ብሎ የሚምል የአካባቢው ሰው ማን ነው? እኔ የፖርቱጋል ዘር ነኝ የሚለውስ፣ ከ65,536 አንዱን መርጦ ራሱን በእርሱ ሊጠራ የሚችለው እንዴት ነው? ከዚያ በኋላ ደግሞ ደብረ ታቦር ተቀምጠው ቤጌምድርን የገዙት የየጁ መሳፍንት አሉ፤ የቤተሰባቸው ሥር ኦሮሞና እስላም የነበረ ነው። አገው አለ፣ ቤተ እስራኤል አለ፣ ነጋዴው እስላም አለ። ጋፋት የሚለው የመንደሯ ስም እንኳ ቋንቋው ከጠፋ ሕዝብ ስም ጋር አንድ ነው።

ይህን የምለው ቅይጥነትን እንደ አዲስ ማዕረግ ለመሾም አይደለም። ያም ራሱን የቻለ ጉራ ነው። የምለው፣ ዘር ቆጠራ በአገራችን ዛሬ የሰው ቤት የሚያቃጥል፣ ሰውን ከቀየው የሚያፈናቅል ክርክር ውስጥ ማስረጃ ሆኖ እየቀረበ በመሆኑ፣ ቆጣሪው ለሚቆጥረው እያንዳንዱ ስም ኃላፊ ነው ነው። ክሎፕ ኡስቲኖቭ ያላቀርብም ያለውን ወረቀት እኛ ማንም ሳይጠይቀን ጽፈን አሳትመን ለማቅረብ መሽቀዳደም የለብንም።

ሽማግሌዎቻችን እስከ ሰባት ቤት ቆጥረው የሚያውቁበት ሌላ ምክንያት ነበራቸው፤ ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ። ያ ቆጠራ ሰውን ከባዕድ ጋር እንዲጋባ የሚያስገድድ ቆጠራ ነው። ሰባት ቤት ርቀህ አግባ ማለት ከማታውቀው ሰው ጋር ተቀላቀል ማለት ነው። የትውልድ ሐረጋችን ሥራው አጥር መሥራት ብቻ ሆኖ የሚታያቸው ሰዎች ይህን ይርሱት አይበል።

ወደ ሜዳው እንመለስ። ፎገራ ላይ በሰፊው የተዘራው ሩዝ «ኤክስ ጅግና» ይባላል። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ የገበሬ ማኅበራት ካስለመዱት ዘር የመጣ ነው። ገበሬው በመንደሩ ስም ጠራው፤ ዛሬ ወረታ በሩዟ ትታወቃለች። በወተቷ የምትመሰገነውን የፎገራ ላምም የከብት ዝርያ አጥኚዎች የሚመድቧት ከሁለት የከብት ወገኖች መካከል ነው። ገበሬው ይህን ያውቃል። ዘሩን ከየት መጣህ ብሎ ይጠይቀዋል፤ ጠባዩን ለማወቅ፣ በምን አፈር እንደሚበቅል ለመረዳት። ንጹሕ ነህን ብሎ ግን አይጠይቀውም።

የትውልድ ሐረግ ለሚጽፉ ወገኖች የማቀርበው ልመና አጭር ነው። የእናትን ስም ከአባት ስም ጎን ጻፉ። የነገራችሁን ሽማግሌ፣ ያነበባችሁትን የወንጌል ገጽ ጥቀሱ። የማታውቁትን ትውልድ ክፍት ተዉት፤ ሌላ ሰው ይሞላው ይሆናል። ሸክላ ሠሪዋንና እንግዳውን አትዝለሉ። ጋፋት ላይም አንድ ሥራ ተረፈ፤ የመድፉን ክብደት ሁሉም ያውቃል፣ አሁን ደግሞ የእሴተ ወርቅ ወላጆች እነማን እንደነበሩ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል።